የሁለተኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን የአመራር ስልት

የሁለተኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን የአመራር ስልት ማለት አንድ ርዕሰ መምህር ውሳኔ የሚሰጥበት፣ መምህራንንና ተማሪዎችን የሚያሠራበት፣ ሥራ የሚያካፍልበትና ጥፋት የሚያርምበት የተለመደ መንገድ ነው። በትምህርት አስተዳደር ጥናት ስልቶቹ ብዙውን ጊዜ ፈላጭ ቆራጭ፣ አሳታፊ (ዴሞክራሲያዊ)፣ ልቅ፣ ሁኔታዊ፣ ለውጥ አምጪ እና የመማር ማስተማር አመራር እየተባሉ ይከፈላሉ። በኢትዮጵያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤትን የሚመራ ሰው ስልት ግን ከጠባዩ ብቻ አይመነጭም። ማን እንደመደበው፣ በእጁ ምን ሥልጣን እንዳለና ከበላዩ ስንት ጽሕፈት ቤት እንዳለ ስልቱን በእጅጉ ይወስኑታል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአዲስ አበባ፣ በተለይም በልደታ ክፍለ ከተማ ካለው ሁኔታ ጋር እያያዘ ያስረዳል።

ስያሜ

«ርዕስ» በግዕዝ ራስ ማለት ነው፤ ስለዚህ ርዕሰ መምህር የመምህራን ራስ፣ ቀዳሚ መምህር ማለት ይሆናል። ቀደም ባለው ዘመን «ዳይሬክተር» የሚለው ቃል የበለጠ ይሠራበት ነበር፤ ተማሪዎችና ወላጆች በንግግር ዛሬም «ዳይሬክተሩ» ይላሉ። ከሥሩ ምክትል ርዕሳነ መምህራን፣ ዩኒት ሊደሮችና የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች አሉ። ከውጭ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ በየጊዜው እየመጣ ሥራውን ያያል። ስያሜው መምህርነትን ቢያስቀድምም የብዙ ርዕሳነ መምህራን ቀን በስብሰባ፣ በሪፖርትና በወላጅ ጉዳይ ያልቃል።

ታሪክ

ከዘመናዊ ትምህርት በፊት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበር። የኔታ አስተማሪም፣ ዳኛም፣ አስተዳዳሪም ነበሩ። ዛሬ ርዕሰ መምህር ቆጣ ሲል «የየኔታ ልማድ ነው» የሚል አስተያየት ይሰማል፤ ይህ ግን ግማሹን ብቻ የሚናገር ነው። በዚያው ትምህርት ቤት ከፍ ያሉት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን ያስጠኑ ነበር፤ የኔታ ሁሉን በአንድ እጃቸው አይዙም። ዛሬ በውጭ ጽሑፎች «የተጋራ አመራር» የሚባለው ነገር ከዚህ አሠራር ብዙም የራቀ አይደለም።

የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት መምህራኑም ዳይሬክተሩ ሐና ሳሊብም ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የበላይ ኃላፊነት ተመርቷል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ ከካናዳ ለመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት ተሰጠ። ከእነዚህ አንዱ የነበሩት ሉሲየን ማት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሠረቱ፤ መሩም። አንድ ትምህርት ቤት የመራ ሰው የአገሪቱን የመጀመሪያ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁም መመረጡ በዚያን ጊዜ ዳይሬክተርነት ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ያሳያል።

ከነፃነት በኋላ በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት (እ.ኤ.አ. 1943) እና ጄኔራል ዊንጌት (እ.ኤ.አ. 1946) ተከፈቱ። ትምህርት ቤቶቹ ሲበዙ የተማረ ኢትዮጵያዊ ስላልነበረ አመራሩ በእንግሊዞች፣ በካናዳውያን፣ በግብፃውያንና በሌሎች የውጭ አገር ሰዎች እጅ ቆየ። በተለይ ሕንዳውያን በብዙ ጠቅላይ ግዛቶች ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል። ኢትዮጵያውያን በስፋት ቦታውን መረከብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ ነው። በመጀመሪያ በትምህርት ሙያ ዲግሪ የያዙ ምሩቃን ያለ ውድድር በቀጥታ ይመደቡ ነበር፤ በኋላ ማስታወቂያ እየወጣ፣ በትምህርት ደረጃና በአገልግሎት ዘመን እየተወዳደሩ መያዝ ጀመሩ።

የዘመኑ ርዕሰ መምህር ብዙም ሳይቆይ በፖለቲካ ማዕበል መካከል ገባ። በ1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርት ሴክተር ጥናት የተባለውን ዕቅድ በመቃወም ሥራ አቆሙ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ላከ። በዚያው ዓመት አካባቢ ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን የሕዝብ አደረገ፤ ትምህርት ቤቶችን ሕዝቡ በኮሚቴ እንዲያስተዳድርም አወጀ። ዳይሬክተሩ ከዚያ በኋላ ለትምህርት ሚኒስቴር ብቻ ሳይሆን ለኮሚቴና ለካድሬም መልስ የሚሰጥ ሰው ሆነ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አቅጣጫውን ቀየረ። የትምህርት ተቋማት በውስጥ አስተዳደራቸው ነፃ እንዲሆኑ፣ ከኅብረተሰቡ፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች በተውጣጡ ቦርዶች ወይም ኮሚቴዎች ዴሞክራሲያዊ አመራር እንዲያገኙ ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ዝርዝሩን አስቀመጠ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር ደግሞ አራት ዐበይት ጉዳዮችን ለየ፤ እነሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር እና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። ስለዚህ በወረቀት ላይ አሳታፊ አመራር የርዕሰ መምህሩ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታው ሆኗል። ስልት በግዴታ ሲሆን ምን እንደሚመስል ከዚህ በታች ይታያል።

ዋና ዋና ስልቶች

ስልቶቹን በትርጉም ብቻ ማስቀመጥ አያስቸግርም፤ ልዩነታቸው የሚገባው ግን አንድ ጉዳይ ላይ ሲቀመጡ ነው። አንድ የፊዚክስ መምህር በሳምንት ሁለት ቀን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያረፍዳል እንበል። 10ኛ «ሐ» ያለ አስተማሪ ይቀመጣል፤ ጫጫታው ጎረቤት ክፍል ይረብሻል፤ ዩኒት ሊደሩም ጉዳዩን ለርዕሰ መምህሩ ያቀርባል።

ፈላጭ ቆራጭ የሆነው ርዕሰ መምህር መምህሩን ጠርቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ጉዳዩን በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይም ይይዝበታል። ምክንያቱን አይጠይቅም። ይህ ስልት በቶሎ ውጤት ያሳያል፤ መምህሩ ለሁለት ሳምንት በሰዓቱ ይመጣል። ይሁን እንጂ ሌሎቹ መምህራን ከዚያ በኋላ ችግራቸውን ለርዕሰ መምህሩ መንገር ይተዋሉ።

ልቅ የሆነው ርዕሰ መምህር «እስቲ እናያለን» ብሎ ጉዳዩን ያሳድረዋል። ልቅ አመራር ከነፃነት ጋር ሲምታታ ይታያል፤ ይሁንና ነፃነት የሚሰጥ መሪ ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ተስማምቶ የሚለቅ ነው። ልቁ ግን የሚለቀውንም አያውቅም። 10ኛ «ሐ» እስከ ሰኔ ፊዚክስ ሳይጨርስ ይቀራል።

አሳታፊው መምህሩንና የትምህርት ክፍሉን ተጠሪ አስቀምጦ ያነጋግራል። ምናልባት መምህሩ በቤት ኪራይ ምክንያት ከከተማው ዳር ወጥቶ ሁለት ታክሲ የሚይዝ ሰው ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ወደ ሦስተኛው ቢዛወር ችግሩ ያለ ቅጣት ይፈታል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ሌላ መምህርም የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለመውሰድ ፈቃደኛ መሆን አለበት።

የመማር ማስተማር አመራርን የሚከተለው ርዕሰ መምህር ደግሞ ጥያቄውን ከሌላ ጫፍ ይጀምራል፤ ተማሪዎቹ ስንት ትምህርት አመለጣቸው? ማካካሻው መቼ ይሰጣል? የፈተና ውጤታቸውስ ከ10ኛ «ለ» ጋር ሲነጻጸር ምን ይመስላል? ለእሱ የመምህሩ ማርፈድ የዲሲፕሊን ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የጠፋ ትምህርት ነው። ይህን ስልት እ.ኤ.አ. በ1985 ፊሊፕ ሃሊንገርና ጆሴፍ መርፊ በሦስት ዘርፍ ከፍለውታል፤ የትምህርት ቤቱን ዓላማ መወሰን፣ የማስተማሩን ሥራ መምራት እና ለመማር የሚመች ድባብ መፍጠር ናቸው።

ለውጥ አምጪ አመራር (ትራንስፎርሜሽናል) ከጄምስ ማክግሬገር በርንዝ (እ.ኤ.አ. 1978) እና ከበርናርድ ባስ (እ.ኤ.አ. 1985) ሥራዎች የመጣ ነው። መሪው ሰዎችን ከግል ጥቅማቸው በላይ ለሆነ ዓላማ ያነሣሣል ይላል። ተቃራኒው የልውውጥ አመራር ነው፤ «ይህን ብትሠራ ይህን ታገኛለህ»። በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ለልውውጥ የሚያቀርበው ነገር በጣም ጥቂት ስለሆነ ይህ ስልት ቶሎ ይነጥፋል። የምስክር ወረቀትና የወላጆች ቀን ጭብጨባ ለሁለት ዓመት ቢያገለግል ነው።

ሁኔታዊ አመራር አንድም ትክክለኛ ስልት የለም የሚል ነው። ፍሬድ ፊድለር (እ.ኤ.አ. 1967) መሪው ከሁኔታው ጋር መገጣጠም አለበት ሲል፣ ሄርሲና ብላንቻርድ (እ.ኤ.አ. 1969) ስልቱ እንደ ተመሪው ብቃትና ፈቃደኝነት መለዋወጥ አለበት ብለዋል። አዲስ ተመርቆ የመጣ መምህርና ሃያ ዓመት ያስተማረ መምህር በአንድ ዓይነት ትዕዛዝ አይመሩም።

ከእነዚህ ውስጥ ለተማሪ ውጤት የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ የታወቀው መልስ የቪቪያን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ትንተና ነው። የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያወዳድሩ የመማር ማስተማር አመራር በተማሪ ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከለውጥ አምጪው ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ሆኖ አገኙት። ከሁሉም የበለጠ ውጤት ያሳየው ርዕሰ መምህሩ በመምህራን ሥልጠና ላይ ራሱ ተሳታፊ ሆኖ መገኘቱ ነበር። በአገራችን አባባል ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ሲካሄድ የመክፈቻ ንግግር አድርጎ የሚወጣው ሳይሆን ደብተር ይዞ የሚቀመጠው ማለት ነው።

በርዕሰ መምህሩ እጅ ያለውና የሌለው

ከላይ ያሉት ስልቶች በአብዛኛው የተጠኑት ርዕሰ መምህሩ መምህር መምረጥ፣ በጀት ማዘዋወር ወይም ፕሮግራም መቀየር በሚችልባቸው አገሮች ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁኔታው ሌላ ነው። መምህራን የሚቀጠሩትና የሚዛወሩት ከትምህርት ቤቱ በላይ ባሉ አካላት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱና የ12ኛ ክፍል ፈተና ከፌዴራል ይመጣሉ። የትምህርት ዘመኑ መቁጠሪያ ከትምህርት ቢሮ ይወርዳል። የትምህርት ቤቱ ድጎማና የውስጥ ገቢም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ሳይታይ አይወጣም።

ታዲያ ምን ቀረው? ያንስ የሚመስል ነገር ግን ከባድ የሆነ አንድ ሥልጣን አለው፤ የክፍለ ጊዜ ድልድል። ማን የትኛውን ክፍል ያስተምራል፣ ማን ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ማን ዓርብ የመጨረሻውን ሰዓት ይይዛል የሚለው በመስከረም ይወሰናል። የአንድ መምህር ዓመት በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ለተማረ ሰው ነገሩ በሌላ መልኩም ይታወቃል፤ የትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ድልድል ለኮምፒውተር እንኳ ከባድ ከሚባሉት ችግሮች አንዱ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1976 በሒሳብ ተረጋግጧል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በእርሳስና በላጲስ ሲሠራው ሁሉንም የሚያስደስት ድልድል አለማግኘቱ የእሱ ጥፋት ብቻ አይደለም። የስልት ጉዳይ የሚሆነው ማንን ጠይቆ ሠራው የሚለው ነው። በተዘጋ ቢሮ ተሠርቶ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍና ለትምህርት ክፍሎች ረቂቁ ቀርቦ አስተያየት ሲሰጥበት አንድ ዓይነት ድልድል እንኳ ቢወጣ መምህራኑ በአንድ ዓይን አያዩትም።

የሥራ አፈጻጸም ምዘናም አለ። ውጤቱ ከደረጃ ዕድገት ጋር ስለሚያያዝ መምህራን ርዕሰ መምህሩን ሲያነጋግሩ በልባቸው የሚያስቡት ነገር ይሆናል። አሳታፊ ነኝ የሚል መሪ በስብሰባ ላይ የተቃወመውን መምህር በምዘና ዝቅ ካደረገ ቀጣዩ ስብሰባ ጸጥ ያለ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ግን «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ይላል።

በልደታ ክፍለ ከተማ

ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ከቂርቆስ፣ ከአራዳ፣ ከአዲስ ከተማ፣ ከኮልፌ ቀራንዮና ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር ይዋሰናል። ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለው ተግባረ ዕድ፣ ብዙ ትውልድ የቴክኒክ ሙያ የተማረበት፣ እዚሁ ይገኛል። የክፍለ ከተማው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በወረዳና በክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በኩል ከአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ጋር ይገናኛሉ።

ልደታ ለአመራር ስልት ጥናት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአንድ ምክንያት ነው፤ ሰፈሩ ተቀይሯል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር ትልቅ የመልሶ ማልማት ሥራ ከጀመረባቸው ሰፈሮች አንዱ ልደታ ነበር። አሮጌ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በኮንዶሚኒየምና በንግድ ሕንፃ ተተኩ፤ ብዙ ነዋሪም ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወረ። ለርዕሰ መምህር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የወላጅ ኮሚቴን ማሰብ ይበቃል። በድሮው ሰፈር ወላጆች በእድር፣ በቤተ ክርስቲያንና በቡና ይተዋወቃሉ፤ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር እናቱ ከርዕሰ መምህሩ በፊት ትሰማለች። አሳታፊ አመራር በዚህ ላይ ይደገፍ ነበር። ሰፈሩ ሲበተን በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚገኙት አይተዋወቁም። አንዳንዱ ተማሪ ቀድሞ የጀመረበትን ትምህርት ቤት ላለመልቀቅ ከሩቅ በባቡርና በታክሲ ይመላለሳል፤ ወላጁ በሥራ ቀን ሊጠራ አይችልም።

እንዲህ ባለ ቦታ ወተመህ በመመሪያው መሠረት ተቋቁሞ፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ተመርጦለት፣ በተግባር ግን ርዕሰ መምህሩ ያዘጋጀውን የሚያጸድቅ አካል ሆኖ ሊቀር ይችላል። አንዳንድ አጥኚ ይህን «ፈላጭ ቆራጭ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ርዕሰ መምህሩ ግን ሥልጣን ነጥቆ ሳይሆን የሚያማክረው ሰው አጥቶ ይሆናል። ሁለቱ በመጠይቅ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህሩን መምከር ወይም ማንሳት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የወላጆች ስብሰባ በእሑድ ከሰዓት እንዲሆን፣ የክፍል ኃላፊ መምህሩ በስልክ ወላጅ እንዲያገኝና ይህን የመሰለ ተራ ሥራ ይፈልጋል።

ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ሲሄድ

ስለ አመራር ስልት ከተደረጉት ሙከራዎች ቀደምቱ ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ኋይት እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተሙት ነው። በአሜሪካ አዮዋ አሥር ዓመት አካባቢ የሆናቸውን ልጆች በቡድን ከፍለው ጭምብል መሥራትን የመሳሰሉ የእጅ ሥራዎች አሠሯቸው፤ መሪዎቹ አንዴ ፈላጭ ቆራጭ፣ አንዴ ዴሞክራሲያዊ፣ አንዴ ልቅ ሆኑ። ከተገኙት ውጤቶች አንዱ ይህ ነው፤ ፈላጭ ቆራጩ መሪ ክፍሉን ለቅቆ ሲወጣ የልጆቹ ሥራ ወረደ፤ በዴሞክራሲያዊው ቡድን ግን መሪው ሲወጣም ሥራው ብዙም አልተለወጠም።

ይህ የድሮ ሙከራ ከአዲስ አበባ ርዕሰ መምህር ሕይወት ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ምክንያቱም ርዕሰ መምህሩ ብዙ ጊዜ በቦታው የለም። የወረዳ ስብሰባ፣ የክፍለ ከተማ ግምገማ፣ የቢሮ ሥልጠና፣ የክላስተር ማዕከል ውይይት አለበት። ስለዚህ ስልቱን ለመለየት ከመጠይቅ ይልቅ ስብሰባ በሄደበት ቀን ትምህርት ቤቱን ማየት የተሻለ ነገር ይናገራል። በሩ በሰዓቱ ይዘጋል? የቀረ መምህር ክፍል በሌላ ይሸፈናል? የታመመ ተማሪ ፈቃድ ለማግኘት «ዳይሬክተሩ እስኪመጡ ጠብቅ» ይባላል ወይስ ዩኒት ሊደሩ ይፈርማል? ሰልፍ ላይ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ ተካሂዶ፣ ሚኒ ሚዲያው ዜናውን አንብቦ፣ ተማሪው ወደ ክፍል ከገባ ሥራ ተካፍሏል ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ከቆመ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ትሑትና ሳቂታ ቢሆን፣ አመራሩ ፈላጭ ቆራጭ ነው።

ስልትን የመለካት ችግር

በአገር ውስጥ ስለ ርዕሳነ መምህራን ስልት የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ነው። የተለመደው ዘዴ ለመምህራንና ለርዕሳነ መምህራን መጠይቅ መበተን፣ አማካይ ማውጣትና «ጎልቶ የሚታየው ስልት ይህ ነው» ብሎ መደምደም ነው። እነዚህን ሥራዎች ለትምህርት ቤት ጽሑፍ የሚጠቀም ተማሪ አንዳንድ ነገር ሊጠነቀቅ ይገባል። ርዕሰ መምህራን ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ መምህራኑ ከሚሰጧቸው የበለጠ ነጥብ ለራሳቸው ይሰጣሉ፤ ሃሊንገር በሠራው ሃምሳ ጥያቄ ባለው መለኪያ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ተደጋግሞ ታይቷል፤ ለዚህም ነው የመምህራኑ መልስ ይበልጥ የሚታመነው። በአንድ ክፍለ ከተማ ያሉት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ ስም ባይጻፍም ማን ምን እንደመለሰ ለመገመት አያስቸግርም። መጠይቁ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በኩል ተበትኖ በዚያው ከተሰበሰበ መምህሩ «አሳታፊ ናቸው» ላይ ምልክት ቢያደርግ አይፈረድበትም።

«ዴሞክራሲያዊ» የሚለው ቃልም በራሱ ችግር አለው። ፖሊሲው የሚያዘው ቃል ስለሆነ ማንም ርዕሰ መምህር አይደለሁም አይልም።

ምደባና ሙያ

የሁለተኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር በመመዘኛው መሠረት ሁለተኛ ዲግሪና የማስተማር ልምድ እንዲኖረው ይጠበቃል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ሲሰጡ ቆይተዋል። የትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የርዕሳነ መምህራን የሙያ ደረጃ ሥራውን በሦስት ዘርፍ ይመድባል፤ ራዕይና የማኅበረሰብ አመራር፣ የመማር ማስተማር አመራር፣ አስተዳደራዊ አመራር። በመምህራን ዘንድ ለዓመታት የሚነሳው ቅሬታ ግን ምደባ ከሙያ ይልቅ በፓርቲ ቅርበት ይሠራል የሚል ነበር። ቅሬታው በአንድ ቦታ እውነት ይሁንም አይሁንም በስልት ላይ ውጤት አለው። መምህራኑ ርዕሰ መምህራቸው በውድድር የመጣ መሆኑን ካላመኑ ምክሩን እንደ ሙያ ምክር አይሰሙትም፤ እሱም በመመሪያና በደብዳቤ ብቻ መምራት ይጀምራል።

በግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከርዕሰ መምህሩ በላይ ባለቤቱ አለ። መምህር በመቅጠርና በማሰናበት ፈጣን ናቸው፤ በዚያው ልክ ርዕሰ መምህሩም ሊሰናበት ይችላል።

ፈተናና ተጠያቂነት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በዚያ ፈተና (የ2014 ተፈታኞች) ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ከዚያ በፊት ደካማ ትምህርት በኩረጃ ሊሸፈን ይችል ነበር፤ አሁን ግን የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስም ከውጤቱ ጋር ይወጣል።

ይህ በርዕሳነ መምህራን ላይ የፈጠረው ጫና ወደ ሁለት አቅጣጫ ይገፋል። አንደኛው ወደ መማር ማስተማር አመራር ነው፤ ክፍል ገብቶ ማየት፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዘጋጀት፣ ቤተ መጻሕፍቱን ቅዳሜ መክፈት። ሁለተኛው ወደ ትዕዛዝ ነው፤ ከላይ የመጣውን ቁጣ ወደ ታች ማስተላለፍ፣ የዕቅድ ቅጽ ማብዛት፣ ስለ ፈተናው ሳምንታዊ ሪፖርት መጠየቅ። 12ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ያላነበበው የ3ኛ ክፍል መጽሐፍ በአንድ ዓመት ማጠናከሪያ እንደማይተካ የሚያውቅ ርዕሰ መምህር ኃይሉን በ9ኛ ክፍል ላይ ያውላል። ውጤቱ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሚታይ የዘንድሮው ግምገማ አያመሰግነውም።

ሴቶች በርዕሰ መምህርነት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሴት ርዕሳነ መምህራን ከወንዶቹ በጣም ያንሳሉ። መንገዱ በትምህርት ክፍል ተጠሪነትና በዩኒት ሊደርነት በኩል ስለሚያልፍና በእነዚያ ቦታዎችም ሴቶች ጥቂት ስለሆኑ ልዩነቱ ከታች ይጀምራል። ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚቀጥል ስብሰባም ልጅ ላላት መምህርት ቦታውን ያከብድባታል። በታሪክ ግን ቀዳሚ ምሳሌ አለ። በስዊዘርላንድ የተማሩት፣ በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተግዘው የነበሩት ሰነዱ ገብሩ ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተውን የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት መርተዋል። ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ በትምህርት ቤቱ ያሳዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነውም አገልግለዋል።